ኮፈኑ ላይ ሁለት ጊዜ

«ያዝልኝ እንጂ! ሙሽራ መሰልኩህ እንዴ ቆመህ የምታየኝ?»

ጆሮ ይህን የሚለው ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ነው። ጀርባው የተዘረጋ ካርቶን ላይ፣ አፍንጫው ከሞተሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ። አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ በጥርሱ ነክሶ ነበር፤ ለመጮህ ብሎ ነው ያወጣው።

ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አኖረና ጎንበስ ብሎ የብረት መከለያውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘለት፤ የሞተች አይጥ በጅራቷ እንደሚያነሣ ሰው።

«ጠበቅ አድርገው፤ አይነክስህም።»

«ይዣለሁ ጋሼ።»

«ይዣለሁ ማለትና መያዝ ይለያያል።»

ኢንጂነሩ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዲግሪ አለው፤ ቢሰድቡት አይናደድም። ጆሮን ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ይኸው ነው። መልሶ ቢሳደብ ኖሮ እኮ ተገላግለው ነበር።

«ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ሌላው ሰው በማሽን ፈልጎ የሚያጣውን የሞተር ሕመም፣ እሱ የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ከስምንተኛ ክፍል አውጥተው ጋራዥ ያስገቡት አባቱ ናቸው፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ትምህርቱን ቀጠለ። ቤት እንግዳ ሲመጣ አባትየው «ትልቁ እጅ ነው፣ ትንሹ ራስ ነው» እያሉ ያስተዋውቋቸው ነበር። እንግዳው ይስቃል። ትልቁም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ምን ያድርግ። አባቱ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አላረፈም።

ይህችን መኪና ወንድማማቾቹ ሦስት ዓመት ለፍተውባታል። ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትስም የደረሰች ዝቅ ያለች መኪና ናት። ሲገዟት ሞተር አልነበራትም፤ ዶሮ ነበር የሚያድርባት። ጆሮ ከተጋጨ መኪና ሞተር አወጣላት፣ በቃሉ እንደሚያውቀው ነገር ፈታትቶ አጠበው፣ ፒስተኑን ቀየረ፣ በመጨረሻም ቱርቦ ገጠመላት። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሾራት ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ እሷ በዞረች ቁጥር አየር እየጠቀጠቀች ለሞተሩ ታጎርሳለች፤ ያን ጊዜ በግ የነበረው ሞተር ነብር ይሆናል። ታናሹ ደግሞ ነጂው ነው። በሥራ ቀን መኪና መሸጫ ውስጥ በከረቫት ይቆማል፤ ቅዳሜና እሑድ ሄልሜት ያጠልቃል።

ስፖንሰርም ተገኘላት፤ የፍራሽ ፋብሪካ። ሳቁ እንጂ! ጎማ ነጋዴው እምቢ ብሏል፣ ዘይት አስመጪው ስልክ አላነሣም፤ የፍራሽ ፋብሪካው ነው እሺ ያለው። በሮቿ ላይ በሰማያዊ ፊደል «በሰላም ይተኙ» ተብሎ ተለጠፈ።

«የሬሳ መኪና አስመሰሏት» አለ ጆሮ ያየ ዕለት።

«ወንድም ጋሼ፣ በናትህ አትጀምር» አለ ታናሹ እየሳቀ።

ፋብሪካው ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ሞተሩን ወረቀት ያለው ሰው አይቶ ይፈርምበት አለ። ኢንጂነሩ የመጣው በዚህ ነው። ዛሬ መኪናዋ በፋብሪካው ሰዎች ፊት አሥር ዙር ትሮጣለች። ሙከራው ካማረ የዓመቱን ውድድር ሙሉ ወጪ ይሸፍናሉ። ካላማረ፣ ታናሹ እንደሚለው፣ መኪናዋ ወደ ዶሮዎቿ ትመለሳለች።

እንግዲህ ጆሮ መከለያውን ሊያጠብቅ ተኝቶ ነው ቱቦውን ያየው።

ከቱርቦዋ ወደ ሞተሩ ሆድ ዘይት የሚመልሰውን ቱቦ እሱ ራሱ ነበር የገጠመው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ መልከ ጥፉ የላስቲክ ቱቦ። አሁን በቦታው በብረት ክር የተጠለፈ፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቱቦ ተቀምጧል። ውበቱ የአንገት ሐብል ነው። ነገር ግን ሞተሩን ከሥር የተሸከመውን መስቀለኛ ብረት ለመሻገር መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ሽቅብ ይወጣና ከዚያ ነው የሚወርደው።

«ይህን ማን ለወጠው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ትናንት። የድሮው ለጭስ ማውጫው በጣም ተጠግቶ ነበር፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል ብዬ ነው።»

ሐሳቡ እንኳ ስህተት አልነበረም። መንገዱ ነው የተሳሳተው። ያ ዘይት ከኋላው የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ሽቅብ ካሉት ይቆማል፤ ከቆመ ወደ ቱርቦዋ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቱርቦዋ በዘይቱ ታፍና በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ታስታውካለች። ቶሎ ካላረፈች ትቃጠላለች። ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበበውም፤ ሦስት ቱርቦ ቀብሮ ነው የተማረው።

ከመኪናዋ ሥር እየተንሸራተተ ወጣ። የድሮው ቱቦ መሣሪያ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ወድቆ አገኘውና ጠርጎ ቱታው ኪስ ከተተው። ሃያ ደቂቃ ሥራ ናት። ሊናገር አፉን ከፈተ።

«እንዴት አደራችሁ! ዝርዝሩ ደረሰ!»

የፋብሪካው የማስታወቂያ ኃላፊ ናት፤ ሁለት ስልክና አንድ የተጠቀለለ ስቲከር ይዛ ገባች። ታናሹ የውድድር ልብሱን እስከ ወገቡ ለብሶ ከኋላዋ መጣ። ስቲከሩን የኋላ መስታወት ላይ ዘርግታ በመዳፏ አሸችው። «የቡድኑ አባላት» ይላል ከላይ። አሽከርካሪ፣ የታናሹ ስም። ኢንጂነር፣ የኢንጂነሩ ስም። አስተባባሪ፣ የእሷ ስም። ፎቶግራፍ አንሺ፣ የፎቶ አንሺው ስም።

ጆሮ ከላይ ወደ ታች አነበበ። ከታች ወደ ላይ ደገመው።

«የኔ የታለ?» አለ። እንደ ቀልድ ነበር ያሰበው፤ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም።

ሴትየዋ ደነገጠች። «ውይ! እኔ እኮ የተሰጠኝን ነው ያሳተምኩት።»

«ማን ሰጠሽ?»

«እኔ ነኝ» አለ ታናሹ። «በስልክ፣ በጥድፊያ ነው የነገርኳት። ደግሞ አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ ወንድም ጋሼ። የኔ ስም ካለ ያንተም አለ ማለት ነው።»

«ገባኝ። ለመጻፍ ባዳ መሆን ያስፈልጋል።»

«እንደሱ አይደለም...»

«ፎቶ አንሺውም እኮ ገና ትናንት ነው የመጣው። ጎበዝ ልጅ መሆን አለበት።»

ታናሹ አንገቱን አከከ። ክፋት እንደሌለበት ጆሮ ያውቃል፤ ያቃጠለውም እሱ ነው። ሆን ብሎ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ረስቶት ነው በቃ፤ ሰው የገዛ እጁን እንደሚረሳ።

ጆሮ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የወጣ የጋዜጣ ቁራጭ አለ። ታናሹ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘ ዕለት የተነሣ ፎቶ ነው። ታናሹ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ይስቃል፤ በስተግራ ጠርዝ ላይ ኮፈኑ ላይ ያረፈ አንድ እጅ ይታያል፤ እስከ አንጓው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰውዬ ጋዜጣው ቆርጦታል። ሚስቱ አንድ ቀን አግኝታው «ይኼ ያንተ እጅ አይደለም እንዴ?» ብላ ሳቀች። እሱ ሦስት ቀን አላናገራትም።

ኢንጂነሩ ስቲከሩን አየ። ከዚያ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ቱቦው ግን ደህና ነው? ቅድም አይተውት ነበር።»

እዚህ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የምትፈርመው?» አለው ጆሮ። «ኢንጂነሩ አንተ፣ ስምህ መስታወት ላይ አንተ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ኢንጂነሩ ላፕቶፑን አነሣ፣ ቁጥሮቹን አየ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ፈረመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝጋልኝ» አለ ታናሹ።

ይህ የሁለቱ የቆየ ደንብ ነው። ገና የመጀመሪያ ውድድራቸው ላይ ታናሹ ፍርሃት ይዞት ከመሪው ጋር ተጣብቆ ሳለ፣ ጆሮ ኮፈኑን ዘግቶ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታው፤ ጧ፣ ጧ። «በቃ፣ ከዚህ በኋላ የሚሰበር ነገር የለም፤ ሂድ» ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታናሹ እሱ ያልመታውን መኪና ነድቶ አያውቅም። አንዴ ጆሮ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ውድድር እስከ መተው ደርሷል። ቃል የለውም፣ ፊርማ የለውም። ሁለት ምት ነው።

ጆሮ ኮፈኑን ዘጋ። እጁን አነሣ። በዚያች ቅጽበት በሐሳቡ የመጣውን እነሆ፤ ሁለት ዙር ትሄዳለች፣ ጭሱ ይመጣል፣ ታናሹ ይመለሳል፣ ሴትየዋ ትጮኻለች፣ ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ይዞ ይደነብራል። «ጆሮ፣ ምን ይሻላል?» ይሉታል። ያን ጊዜ ከኪሱ ቱቦውን ያወጣል፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ በሃያ ደቂቃ። ከዚያ ስቲከሩን እንደገና ያሳትሙ እንደሆነ ያያል።

መታ። ጧ። ጧ።

ወደ መወዳደሪያው ሜዳ መኪናዋን በከባድ መኪና ጭነው አርባ ደቂቃ ተጓዙ። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታናሹ ዳቦ ቆርሶ ትልቁን ግማሽ ሰጠው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው፣ ይህንን ደግሞ ረስቶት አያውቅም።

«ስቲከሩን ተቀይመኸኛል አይደል?»

«እኔ? ምን በወጣኝ።»

«ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«ነገ» አለ ጆሮ። በኪሱ ያለው ቱቦ ጭኑን ይቆረቁረዋል። ንገረው አለው ልቡ። አሁን ብነግረው ደግሞ «ለምን መታህ?» ይለኛል አለ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ የመጀመሪያዋን ዝምታ ለመሸፈን ሁለተኛዋ ታስፈልጋለች።

የፋብሪካው ሰዎች ድንኳን ተክለው ነበር። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ለግጭት መከላከያ ከተከመረው ጎማ ፊት፣ አሥራ ሁለት አዲስ ፍራሽ ደርድረዋል፤ ለማስታወቂያ። «እዚህ ጋ ቢጋጭ እንኳ እንቅልፍ ነው የሚወስደው» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ታናሹ መኪናዋን አስነሣ። የመጀመሪያው ዙር እንደ መዝሙር ነበር። ቱርቦዋ ቀጥታው መንገድ ላይ አየር ስትስብ የምታሰማው ፉጨት ሰዉን ከወንበሩ አስነሣው። ሴትየዋ አጨበጨበች። ጆሮ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ፉጨቱ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ገብቷል፤ እርጥብ የሆነ፣ የሚጉረመርም። ከሰዎቹ ሁሉ ቀድሞ ሰማ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሰማያዊ ጭስ መጣ።

«መጣች» አለ በልቡ፤ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። በፊታቸው አለፈች። ጭሱ ወፈረ።

«ለምን አያቆምም?» አለ ኢንጂነሩ።

ጆሮ ሮጦ ከመሮጫው ዳር ያለው ግንብ ላይ ወጣ፤ በሁለት እጁ እያውለበለበ «ቁም! ማሙሽ፣ ቁም!» እያለ ጮኸ። ታናሹ አየው። በመስኮቱ አውራ ጣቱን አሳየው። ወንድሙ የሚያበረታታው መስሎታል። ጭሱንም አይቶታል፤ ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በመስታወቱ አይቶት «ወንድም ጋሼ ሁለቴ መትቷል፣ ምንም አይደለም» ብሎ ነው የረገጠው።

አራተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠና ተቆረጠ። ከዚያ የብረት ድምፅ። የቱርቦዋ ስባሪ ወደ ሞተሩ ሆድ ሲገባ ጆሮ አንድ በአንድ ሰማው፤ ሦስት ዓመት የገነባው ነገር እንደ ጠጠር ሲፈጭ። ከኮፈኑ ሥር ነበልባል ወጣ። መኪናዋ ተንሸራታ ሄዳ ፍራሾቹ ላይ አፍንጫዋን ደፋች።

ታናሹ ወጣ። መሸሽ ሲገባው ሞተሩን ለማትረፍ ኮፈኑን በባዶ እጁ ከፈተ። እሳት ማጥፊያ ይዘው ሲደርሱ የግራ መዳፉ ተልጦ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ እጁ እየተጠቀለለለት ሴትየዋ ጠየቀች። አልጮኸችም፤ የተማረች ናት።

«ምንድን ነው የሆነው?»

ኢንጂነሩ ፊቱ ገርጥቷል። «የዘይት መመለሻው ይመስለኛል። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ግን... ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር።»

ሁሉም ወደ ጆሮ ዞሩ። ጆሮ መሬት መሬት አየ።

«ውሸት ነው» አለ ታናሹ። «ወንድሜ ችግር ቢያይ አይመታም። ከመታ አላየም ማለት ነው። አንተ የሠራኸውን በሱ አታላክክ።»

«አላላከክሁም። ጠይቄያቸዋለሁ ነው ያልኩት።»

«ወንድም ጋሼ፣ ጠይቆሃል?»

ታናሹ መልሱን እንኳ አልጠበቀም። «አያችሁ» አላቸው።

ሴትየዋ ወደ ውጭ ወጥታ ከሥራ አስኪያጇ ጋር በስልክ ተነጋገረች። ስትመለስ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችው። ጥፋቱ የኢንጂነሩ ብቻ ከሆነና ቡድኑ በደብዳቤ ካረጋገጠ፣ ፋብሪካው ለሁለተኛ ሞተር ይረዳል። የቡድኑ እጅ ካለበት ግን ድጋፉ እዚህ ላይ ይበቃል። ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሲወጣ በጆሮ አጠገብ አለፈ፤ አልተሳደበም፤ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መኪናዋ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ሞተሩ ላይ የእሳት ማጥፊያው ዱቄት እንደ አመድ ተነስንሷል። ታናሹ ወረቀት መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ዘርግቶ በቀኝ እጁ ይጽፋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለው ግራ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

«ስማ። ‹ቱቦውን ቡድኑ ሳያውቅ የቀየረው ኢንጂነሩ ነው።› ይኸው ነው። እኔ ፈርሜያለሁ። ሁለት ፊርማ ነው የሚፈልጉት። እዚህ ጋ ሙሉ ስምህን ጻፍ፤ ከሥሩ ‹ዋና ሜካኒክ› በል።»

ዋና ሜካኒክ። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም ብሎት አያውቅም።

«ልጁስ?» አለ ጆሮ።

«የቱ ልጅ?»

«ኢንጂነሩ።»

«ወጣት ነው፤ ሌላ ሥራ ያገኛል።»

«ከዚህ ደብዳቤ በኋላ?»

ታናሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት ነው። አንተም እኮ ለፍተህበታል። አሁን ስምህን ጻፍልኝ። ለስቲከሩም ይቅርታ፣ የሚቀጥለው ላይ አንደኛ አንተ ነህ፣ ምያለሁ። ኮፈኑንም ዝጋልኝ በናትህ፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል።»

ጆሮ ወደ መኪናዋ ሄደ። ኮፈኑን ጠርዙ ላይ ያዘው። ቀለሙ ተላልጧል፤ የታናሹ የተቃጠለ መዳፍ የነካበት ቦታ ይታያል፤ እሱ ጠዋት የመታበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ደጋፊውን ዘንግ ነካ አደረገ፤ ቆመ። ከዚያ እንደ ተከፈተ ተወውና ተመለሰ።

እጁን ጠረገ። ኪሱ ከተተው። አጭሩን የላስቲክ ቱቦ አወጣና ወረቀቱ ላይ፣ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ላይ አጋደመው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የድሮው ቱቦ ነው።»

«ከየት አገኘኸው?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ ጆሮ። «ጠዋት ስመታልህም ኪሴ ውስጥ ነበር።»